አባቴ ራሱን የገዘተ ዕለት

አዲስ ሰበካ ጉባኤ ሊመረጥ ሲል የሰንበቴ ማኅበራችን ሴቶች፣ "አንቺ መጽሐፍ ቅዱስ ታነቢያለሽ፤ የቤተ ክርስቲያን መሪ ምን ዓይነት ሰው ይሁን እንደሚል ተነሽና ንገሪን" አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት አባቴ ዲያቆናቱን ሲያስተምር ከግድግዳው ወዲህ ጥጥ እየፈተልኩ በጆሮዬ፣ ኋላም መጽሐፉን ተደብቄ እየገለጥኩ በዓይኔ ነው። ጥቅሱንስ አላጣሁትም። ግን ስለ መሪ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ መጥቶ ፊቴ ይቆማል፤ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ። ያን ቀንም ቆሜ፣ ቆሜ፣ "ይቅርታ እህቶቼ" ብዬ ተቀመጥኩ። አፌ ያልቻለውን እጄ ከቻለው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አገራችን ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የገደል አፋፍ ነው። ወደ ከተማም፣ ወደ ወረኢሉም፣ ወደ የትም ለመሄድ መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ ያኔ ሣር ክዳን ነበረች። ቅዳሴ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ አይቆምም። ትልልቅ አድባራት ካህን ተርፏቸው በሰሞን ይፈራረቃሉ፤ የእኛዎቹ ግን አምስት፣ አምስት ብቻ ነበሩ። አንዱን ዲያቆን ሆዱን ሲቆርጠው አገር ይጨነቃል። ትልቁ ዲያቆን፣ ጢሙ ያጎፈረ ቀልደኛ ጎልማሳ፣ ይህን ስለሚያውቅ ቅዳሜ ቅዳሜ መሳል ይወድ ነበር። ሳሉ እንደተሰማ ሴቶቹ ማር ይዘውለት ይሮጣሉ። ያለ ባል ያሳደገችው እናቱ ብቻ፣ "ሰኞ የማይነሳ ሳል ምን የሚሉት ነው?" እያለች ታሾፍበት ነበር።

አባቴ ገበዙ ነበር። ቁልፉ በእጁ ነው፤ ካህናቱን የሚያሰማራ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ የፈረሰውን የሚያሳድስ እሱ ነው። ሁለተኛው ቄስ የሸመገሉ፣ የአባቴም የነፍስ አባት የሆኑ ሰው ነበሩ። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ አንድ ሼህ ነበሩ፤ የአባቴ ወዳጅ፣ ሲገናኙ ሳይነካኩ የማይለያዩ። "አንተ ቄስ፣ እኛ ዘንድ ኢማሙ ቢቀር ከመጣው ሰው ቁርኣን የተሻለ የቀራው ፊት ይቆማል። እናንተ አምስት እስክትሟሉ ጌታ ቆሞ ይጠብቃችኋል?" ይሉታል። አባቴም፣ "ይጠብቃል፤ ከእርስዎ ይልቅ ትዕግሥት አለው" ይላቸዋል።

ስለ መሪነት ሲያስተምር ከአፉ የማይጠፋ ነገር ነበረው። ጌታ የወቀሳቸው አለቆች ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ የሚጭኑ፣ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ የማይነኩት ናቸው። "ካህን በሰው ላይ የሚጭነውን መጀመሪያ በራሱ ትከሻ ይመዝነው" ይላል። ጴጥሮስ ለሽማግሌዎች የጻፈውንም ይጨምርበታል፤ መንጋውን በኃይል አትግዙት፣ ምሳሌ ሁኑለት የሚለውን። ልጅ ሆኜ ሁለቱ ትምህርት አንድ ይመስለኝ ነበር። አባቴም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም።

ንጉሡ ሊወርዱ ባሉበት ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱም ዘግይቶ መጣና የበቀለችውን ገብስ ውርጭ መታት። ሰው ከብቱን ሸጠ፤ ከብቱ ሲያልቅ ሳማ ቀቀለ፤ ሳማው ሲደርቅ መንገድ ጀመረ። ወረኢሉ ላይ እህል በመኪና ይመጣል፣ ለተራበ ይሰፈራል የሚል ወሬ ነበር። ጠዋት ስትነሱ አንድ ቤት ጭስ የለውም። በማግስቱ ሌላው።

ከወንዙ ማዶ ካለው ደብር ዲያቆናቱ ተሰደዱና ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የሞተውን ሰው ያለ ካህን፣ ያለ ጸሎት አፈር አለበሱት ተባለ። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት ራት አልበላም። እርግጥ ራትም አልነበረም። ግን ቢኖርም አይበላም ነበር፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራቱን ካህናት ደጀ ሰላሙ ላይ አቆማቸው። የቀረው ምእመን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ያያል። አባቴ መስቀሉን አወጣ።

"ከአምስታችን አንዱ ከጎደለ የዚህ ሁሉ ሰው ሕፃን ሳይጠመቅ፣ ሬሳው ሳይፈታ ይቀራል" አለ። "ስለዚህ አዲስ እህል እስኪደርስ ድረስ ከእኛ ማንም ይህን ደብር ትቶ ወንዙን እንዳይሻገር፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቻለሁ።"

ከዚያ መስቀሉን በራሱ ግንባር ላይ አድርጎ፣ "እኔንም ጨምሮ" አለ።

ግዝት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ካህን አንዴ ካሰረ፣ ያን ቃል ጥሶ መሄድ ከእግዚአብሔር ተለይቶ እንደ መሄድ ነው። የሚፈታው ሌላ ካህን ነው፤ ወይም ያሰረው ራሱ። የታሰረው ዝቅ ብሎ "ይፍቱኝ" ይላል፤ ካህኑ መስቀሉን ጭኖ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይለዋል። ራሱን የገዘተ ቄስ ግን ለራሱ ዝቅ ማለት አይችልም።

ሰዉ አባቴን ጉልበቱን ሳመው። ገበዛችን ሸክሙን አብሮን ተሸከመ ብለው አለቀሱ። እኔም ኮራሁ። አሮጌው ቄስ ብቻ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ከሰዓት ቤታችን መጥተው፣ እናቴ ያቀረበችላቸውን የፈላ ውኃ ይዘው ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ "ልጄ፣ ሲታሰር አንድ ሰው ከገመዱ ውጭ ይቆማል። ኋላ የሚፈታው እሱ ነው" አሉት።

አባቴ ሳቀ። "እርስዎ አሉልኝ አባ፤ የነፍስ አባቴ አይደሉ? እህሉ ሲደርስ ይፈቱኛል።"

እሳቸውም ውኃውን ጠጡና ወጡ።

ትልቁ ዲያቆን እኛ ግቢ የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። እናቱ እግሯ አብጦ መነሣት አቅቷት ነበር። አዝዬ ወረኢሉ ላድርሳት፣ አድርሻት እመለሳለሁ ብሎ ለመነ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አባቴ የቤቱ ግድግዳ ላይ እጁን ደግፎ መሬት መሬት ያያል።

"አንተን ከፈታሁ ለሁለቱስ ምን እላቸዋለሁ? የእነሱ እናት እናት አይደለችም?" አለው።

"አባ፣ ሰንበት እንኳ ለሰው ነው የተሠራው ያሉን እርስዎ ነዎት። ቅዳሴውስ ለሰው አይደለም?"

"ለዚህ ሁሉ ሰው ነው። ለአንድ ሰው አይደለም።"

ዲያቆኑ ዞሮ ሄደ። እናቴ ያላትን ጭብጥ ቆሎ ቋጥራ ተከትላው ሮጠች። አባቴ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ጨክኖ እንዳልነበረ እኔ ምስክር ነኝ። ትክክል የመሰለውን አድርጎ፣ ያደረገው ነገር ሲያስፈራው አየሁት።

ሴትዮዋ ሞተች። አምስቱም ነበሩ። ቅዳሴው ተቀደሰላት፣ ፍትሐቱ ሙሉ ተደረገላት፣ አንድ ጸሎት አልጎደለም። ልጇ ራሱ የዕጣኑን ጥና ይዞ ዞራት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ዲያቆን ቅዳሜ ሲስል ሰምቼ አላውቅም።

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ አሮጌው ቄስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደተቀመጡ ቀሩ። ያንቀላፉ መስሏቸው ሰዎች ቀስ ብለው አልፈዋቸው ገብተዋል። አባቴ ነው ሄዶ የነካቸው።

አንድ ቄስ ቀረን ማለት ነው። በአንድ ቄስ ቅዳሴ የለም። አባቴ ያን ሁሉ ያሰረበት ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ። ቀብረዋቸው ሲያበቁ ሦስቱን ዲያቆናት እዚያው መቃብሩ አጠገብ በየተራ መስቀል ጭኖ ፈታቸው። ትልቁ ዲያቆን ተራው ሲደርስ ዝቅ እንዳለ፣ "እርስዎንስ ማን ይፈታዎታል?" አለው። አባቴ ወደ ትኩሱ መቃብር ተመለከተ።

ቤታችን ውስጥ ያኔ ከአባቴ ጋር የነበርነው እናቴ፣ እኔና ትንሹ ወንድሜ ነን። ወንድሜ ፀጉሩ ቀልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዝንብ ፊቱ ላይ ሲያርፍ እንኳ እጁን ማንሣት ትቶ ነበር። እናቴ ወረኢሉ እንሂድ አለች። አባቴም ሂዱ አለ። "ሂዱ አይደለም፣ እንሂድ ነው ያልኩት" አለችው። አባቴን በሕይወቷ ተቃውማው የማታውቅ ሴት፣ ያን ቀን ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አንቱ ያሰሩት ለቅዳሴው ነበር። ቅዳሴው ቀረ። ታዲያ አሁን የታሰሩት ለምንድን ነው?"

"ቃሉን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሲከብደኝ ራሴ ከጣልኩት፣ ያች የዲያቆኑ እናት ለምን ሞተች?"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተከራከረችውም። ግን ልቧ አልተወውም። ጠዋት ቀስቅሳኝ፣ ከትልቁ ዲያቆን ጋር መካነ ሰላም ሄዳችሁ አንድ ቄስ አምጡ አለች። መጥቶ ያቺን አንዲት ቃል የሚላት ቄስ። ወንዝ መሻገር የተከለከለው አባቴ እንጂ፣ ወደ እሱ የሚመጣው ቄስ አይደለም።

ዲያቆኑ እሺ ማለቱ ገርሞኝ ነበር። መንገድ ላይ ነገረኝ። "እናቴን የከለከለኝን ሰው ላስፈታ ነው የምሄደው። እግሬ ይሄዳል፤ ሆዴ ግን አብሮኝ አልመጣም" አለኝ።

መካነ ሰላም ስንደርስ ገበያ ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ገበያ ግን አልነበረም። ወታደሮች ቆመዋል። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ዘመኑ እንደተለወጠ፣ መሬት ለሚያርሰው እንደሚሆን ይናገራል። ካህናቱን ለብቻ ከፊት አስቀምጠዋቸዋል። ሰው ያጨበጭባል፤ አንዳንዱ እጁን ለማጨብጨብ ማንሣት ያቅተዋል። የትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ስለ ደብሩ መሬት ተጠይቀው ወደ ደሴ ተወስደዋል አሉን። ስብሰባው ሲያበቃ ዲያቆኑ አንድ ጥላ የያዙ ቄስ ፊት ዝቅ ብሎ ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ሰሙት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም።

"ያሰረው ራሱ፣ የታሰረው ራሱ። እንዲህ ያለ ነገር ከአለቃው አያልፍም" አሉ። "ለመሆኑ ገበዙ ራሱ ለምን አልመጣም? ይምጣና እንፍታው እንጂ።"

"አባቴ መምጣት አይችልም እኮ፤ ወንዝ እንዳይሻገር ነው የታሰረው" አልኩ እኔ።

"እንግዲያ አለቃው ሲመለሱ ኑ።"

ሌላ ቄስ፣ ወጣት ናቸው፣ ከኋላችን መጡና እኔ በሄድኩላችሁ ነበር፣ ግን ከከተማው እንዳንወጣ ተነግሮናል አሉን። ከኪሳቸው ትንሽ ዳቤ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ዳቤው የወንድሜ ነው ብዬ መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። ቀምሼው እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ።

ስንመለስ አባቴ ገና ከሩቅ አይቶን ሁለት ሰው ብቻ መሆናችንን ቆጥሮ ጨርሷል። ሼሁ ከአጥራቸው ማዶ ወጥተው ቄስ እንዳልመጣ ከእኔ ሰሙ። እሳቸውም ከስተው አጥንታቸው ይቆጠር ነበር፤ ልጆቻቸውን ወደ ደሴ ሸኝተው ብቻቸውን ቀርተዋል።

"እኔ ልፍታህ?" አሉት። "ሥልጣኑ ባይኖረኝ ዕድሜው አለኝ።"

አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ሼሁ፣ የእርስዎማ ቢያዝልኝ ኖሮ ዛሬ እስላም ነበርኩ።"

"ወላሂ ይሻልህ ነበር፤ አንድ ሰው ይበቃህ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። በእኛ ቤት የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው።

እናቴ ሁለት ቀን ታግሣ ወንድሜን አዘለች። አባቴ ከጀርባዋ ተቀበላትና እስከ ወንዙ እኔ እይዘዋለሁ አለ። ቁልቁለቱን ወረድን። እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ዝናብ ከጠፋ ወዲህ ወንዙ ወንዝ አልነበረም፤ ነጭ ድንጋይ ብቻ፣ ፍየል ሳትዘል የምትሻገረው። ጠብታ ውኃ አልነበረበትም። አባቴ ከዳሩ ሲደርስ ቆመ። ወንድሜን ሳመው፤ ለእናቴ አሳዘላት፤ የአንቀልባውን ጠፍር ራሱ አሰረላት፤ ደግሞ ሳበው፣ ደግሞ አጠበቀው። እኔን ግንባሬን በመስቀሉ ባርኮኝ፣ "እናትሽን አደራ" አለኝ።

ተሻገርን። ማዶ ሆኜ ዘወር ስል ጫማው ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ እርምጃ አልቀረውም። "አባዬ፣ ና" አልኩት። እናቴ አፌን በእጇ ያዘችኝ። "ተይው፤ አታስለቅሺው" አለች። ዳገቱን ስንወጣ ደጋግሜ አየሁት። እዚያው ነበር። እግሩን አላነሣም፤ ወደ ኋላም አልተመለሰም።

ወረኢሉ ደረስን። እህሉ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ግን ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ከእህሉ ይበልጥ ነበር። ወንድሜ ተረፈ፤ እንዴት እንደተረፈ እናቴ ስትናገር እንደ ወሎ ሰው ሁሉ "ያ ረቢ" ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። እኔ በየዕለቱ ከአገራችን በኩል የሚመጣውን ሰው ፊት አያለሁ። ቄስ ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ወዴት እንደሚሄዱ እጠይቃለሁ። ወደዚያ የሚሄድ አልነበረም፤ ሁሉም ከዚያ የሚመጣ ነው።

የተመለስነው ገብስ ከታጨደ በኋላ ነው። ከአጥራችን በር ላይ ሼሁ ቆመው ነበር፤ ቁልፉ በአንገታቸው። እናቴ ቁልፉን ስታይ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አባቴ ክረምቱ መግቢያ ላይ ሞቷል። ሼሁ ከደሴ ከተመለሰ አንድ ልጃቸው ጋር ሆነው፣ ከአሮጌው ቄስ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። "የእናንተን ጸሎት አላውቀውም" አሉ ለእናቴ፤ "የራሴን ዱአ አደረግኩለት። ይሁንለት አይሁንለት አላህ ያውቃል። ቁልፉን ኮሚቴ ነን ያሉ ሰዎች ሊወስዱ መጥተው ነበር። የቁልፉ ባለቤት መንገድ ላይ ናት፣ ስትመጣ ጠይቋት ብያቸዋለሁ።"

አንድ ሰው ያለ ካህን እንዳይቀበር ብሎ አምስት ሰው ያሰረ አባቴ፣ ያለ ካህን ተቀበረ። ይህን ስጽፍ እጄ ይቆማል።

የደብሩ መሬት ለገበሬ ተከፋፈለ፤ ለእናቴም ደረሳት። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ዓመታት ተዘግቶ ቆየ። እናቴ በየበዓሉ በሩን ትከፍትና ጠርጋ ትዘጋዋለች። ካህን ከየትም አይመጣም፤ የሚያኖረው መሬት የለም። ኋላ ያ ትልቁ ዲያቆን አግብቶ፣ ቅስና ተቀብሎ፣ ከሌላ አገር አንድ ቄስና ዲያቆናት አስከትሎ መጣ። እንደገና አምስት ሆኑ። እናቴ ሌላ ነገር አልለመነችም፤ የአባቴን ፍትሐት ብቻ።

ሐምሌ ነበር። መቃብሩ ላይ ቆመው ጸሎቱን አደረሱ። ያ ዲያቆን የነበረው ቄስ መጽሐፉን እያነበበ መጣ፣ መጣ፣ ከመፍታቱ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚነበበው ጠፍቶበት አይደለም። ዓይኑ ከአባቴ መቃብር አልፎ፣ ጥቂት ራቅ ወዳለችው የእናቱ መቃብር ነው። ዝናብ ጢሙ ላይ ይወርዳል። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ልለምነው አስቤ ነበር፤ በምን አፌ? እሱ ስለ እናቱ ሲለምን እኔ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ካባቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ሼህ በጣም አርጅተው ነበር። ዝምታው ሲረዝምባቸው፣ "ልጄ" አሉ፣ "እኔ እስከ ዛሬ የጠበቅኩት እንድትወደው አይደለም። ቃሉን በልለት።"

ቄሱ መስቀሉን አፈሩ ላይ አሳረፈ። "እግዚአብሔር ይፍታዎ አባ" አለ። ድምፁ የወጣው ከጥርሱ ይሁን ከሆዱ እኔ መለየት አልቻልኩም፤ እሱም መለየቱን እጠራጠራለሁ።

ሰዉ ሲበተን እናቴን አጣኋት። ፈልጌ ፈልጌ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር አገኘኋት። ወንዙ ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይጮኻል። እናቴ አባቴ የቆመበት ቦታ ላይ ቆማ ማዶውን ታያለች። እጇን ያዝኳት።

"ፈቱት" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ ፈቱት።"

ውኃውን ብዙ ካየች በኋላ፣ "አሁንማ ማን ያሻግረዋል" አለች።